የፈረስ ቀበሮ

ዲንሾ ላይ፣ ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ የሚሄደው አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ዳር፣ ማር የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ነው፤ የደጋ አጋዘኖች ከጥዱ ሥር ወጥተው ሲግጡ ያየ መንገደኛ መኪና አስቁሞ ፎቶ ያነሣል። ፎቶ ለማንሣት የወረደ ሰው እግሩን ሲያፍታታ የሴትዮዋ ባልዲዎች ዐይኑ ይገባሉ። ገበያዋ ይኸው ነበር፤ አላፊ አግዳሚ። ይህ አላፊ አግዳሚ ግን ቀስ በቀስ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ሆነላት።

ማሩ የዲንሾ አይደለም። የሚመጣው ከሐረና ጫካ ነው። እዚያ ቀፎው ከትልልቅ ዛፎች ላይ ይሰቀላል፤ ቆራጩ ሌሊት በጭስ ንቡን አባርሮ ያወርደዋል። ከሪራ የተነሣው ማር ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣውን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ ጎባ ይደርሳል፣ ከጎባ ሮቤ፣ ከሮቤ ደግሞ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዲንሾ። ሞቃት ጫካ ውስጥ የተቆረጠ ማር ደጋ ሲወጣ ይበርደዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሴትዮዋ ማንበብና መጻፍ አትችልም። ሆኖም ደብተር ነበራት፤ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ማር የነካው ጣት ገጾቹን ያጣበቃቸው፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከሚዛኑ ሥር የሚቀመጥ የተማሪ ደብተር። ማታ ማታ ሴት ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ታስጽፋታለች። ልጅቷ ገና ሦስተኛ ክፍል እያለች የጀመረችው ሥራ ነው። ደብተሩ ውስጥ እንዲህ ይነበባል፦

«የሮቤው ሾፌር። ሚስቱ ወልዳለች። ሁለት ኪሎ ለገንፎ። ግማሽ ኪሎ ለአራሷ ተመርቆለታል።»

«የጎባው መምህር። ሰፈፍ ያለበትን አይፈልግም። የተጣራ ብቻ።»

«ሐጂ። ለረመዳን አምስት ኪሎ። ጨረቃ ሳትታይ ይድረስ።»

«የአዲስ አበባዋ ሴትዮ። ያለፈው መረረኝ ብላ ተቀይማለች። ግራዋ ያለበት እንዳይሰጣት።»

የስልክ ቁጥር ከየስሙ ጎን አለ። ዱቤም አለ። ከዱቤው የሚበልጠው ግን እንዲህ ያለው ነው፤ ማን ምን እንደሚወድ፣ ማን በምን እንደተቀየመ፣ የማን ቤት ምን እንደገባ። ሾፌሩ ከአምስት ወር በኋላ ሲያልፍ «ሕፃኑ ተቀመጠ ወይ?» ትለዋለች። ሾፌሩም ከዚያ ወዲያ ሌላ ቦታ አይቆምም፤ ተሳፋሪውንም «እዚህ ጋ ደንበኛዬ አለች፣ አምስት ደቂቃ» ብሎ ያቆመዋል።

ጉልበቷ እምቢ አላትና ሥራውን ለልጆቿ ለቀቀች። ሴቷ መመዘንና ማጣራት ያዘች። ወንዱ ሮቤ ተምሮ የተመለሰ፣ ቀልጣፋ ልጅ ነው፤ «እማዬ፣ ዘመኑ የስልክ ነው። መንገድ ዳር ቁጭ ብለን እስከ መቼ መኪና እንጠብቃለን?» አላት። ትክክል ነበር። እናትየውም አልተቃወመችም፤ መርቃ ሰጠችው።

ልጁ ፌስቡክ ላይ ገጽ፣ ቴሌግራም ላይ ቻናል፣ ቲክቶክ ላይ አካውንት ከፈተ። መጀመሪያ የባልዲ ፎቶ ለጠፈ፤ ሃያ ሰው አየው። አንድ ክረምት ግን ወደ ወብ ሸለቆ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ሳለ ዕድል ቀናችው። ቀይ ቀበሮ፣ ያ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የማይገኘው፣ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቀይና ቢጫ አበባ ላይ አፍንጫውን ሰክቶ ጣፋጩን ሲልስ አገኘውና ቀረጸው። የእረኛ ልጆች ያንን አበባ ከድሮም ይልሱታል፤ ቀበሮውም እንደሚልሰው ተመራማሪዎች የጻፉት ኋላ በኅዳር 2017 ነው። ልጁ ቪዲዮውን «ንቡም ቀበሮውም የሚወደው የባሌ ማር» ብሎ ለቀቀው። በሦስት ቀን የተከታዩ ቁጥር ከመቶዎች ወደ ብዙ ሺዎች ዘለለ። ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ቁጥሩን ሲያይ ያድራል።

ቁጥሩ እንዳይቆም ሌላ ቀበሮ ጨመረ። አጋዘን ጨመረ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ጉም ሲወርድ ቀርጾ ጨመረ። ቀጥሎ «ሊንኩን ለአሥር ሰው ያጋራ አምስት ኪሎ ማር በዕጣ ያሸንፋል» አለ፤ የተከታዩ ብዛት አርባ ሺህ አለፈ። ዕጣው ለአንድ የማያውቁት ሰው ወጣ፤ ሰውየው ማሩን ወሰደ፣ ሁለተኛ ድምፁ አልተሰማም። ከየፎቶው ሥር ሰዎች «ስንት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የአዲስ አበባ ቻናሎች ሲያደርጉ እንዳየው እሱም «ዋጋ ኢንቦክስ» ብሎ ይመልሳል። ኢንቦክሱ ግን ሞልቶ የሚፈስስ ነበር፤ ከአሥሩ ለሁለቱ ቢመልስ ነው።

ሽያጩ ጨምሯል፤ አልዋሽም። ቀበሮው ያመጣቸው ሰዎች ነበሩ። የሚገርመው ግን ያው ሰው ሁለተኛ ሲመጣ አለመታየቱ ነው። እህትየው ከጓዳ ሆና ይህን አስተዋለች፤ ጣሳውን የምታጥበው፣ ክዳኑን የምትገጥመው፣ ስም የምትለጥፈው እሷ ናትና። በየሳምንቱ አዲስ ስም ትጽፋለች። ደብተሩ ውስጥ ካሉት ስሞች ግን ጣሳ ላይ የጻፈችው የለም ማለት ይቻላል።

ጥር 2015 ላይ፣ ብርዱ በጸናበት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ አንድ ፎቶ መጣ። ጣሳው ተከፍቷል፤ ማሩ ረግቶ ነጥቷል፤ ማንኪያ ቆሞበታል። ከሥሩ «ማር ብዬ ከፍዬ ስኳር ላኩልኝ። ጥርሴ ላይ እየተንኮሻኮሸ ነው። እንዳትሸወዱ» ይላል።

ልጁ ደሙ ፈላ። ማሩ ስኳር እንዳልገባበት እሱ ያውቃል፤ ሐረና ድረስ ሄዶ ያመጣው ራሱ ነው። ማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ ብርድ ሲያገኘው ቅንጣት ይሠራል፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። «ተቀናቃኝ የላካት ናት» አለ። ጽሑፏን አጠፋው፣ እሷንም ከገጹ አገዳት። ሴትዮዋ ሌላ ቦታ ለጠፈችው። አሁን «ስኳር ነው» የሚለው ላይ «ስናገር አፌን ዘጉት» የሚል ተጨመረበት። እውነት ይዞ ሳለ የሌባ ሥራ ሠራ፤ እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይኸኛው ነው።

እህትየው ማታ ፎቶውን አየችው። ፎቶውን ሳይሆን ስሙን ነው ያየችው። ተነሥታ ደብተሩን ከፌስታሉ አወጣች፣ ገጾቹን እያላቀቀች ገለበጠች፣ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

«ይቺ እኮ የግራዋዋ ናት!» አለች።

«የምን ግራዋ?»

«ማሩ መረረኝ ብላ የተቀየመችው። እማዬ አስጽፋኛለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ሮቤ እናቷን ለመጠየቅ ስትመጣ ስትገዛን ኖራለች። አንተ ያገድካት ደንበኛችንን ነው።»

ጠዋት ደወለችላት። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ።

«እትዬ፣ ከዲንሾ ነኝ፣ የማሯ ሴትዮ ልጅ። እናትዎ እንዴት ናቸው?»

ዝምታ ሆነ። «እናቴ ዐርፋለች» አለች ሴትዮዋ። «ዓመት ሊሞላት ነው።»

እህትየው የማሩን ነገር ተወችው። ነፍስ ይማር አለቻት፣ እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻት፣ ሴትዮዋም ነገረቻት። እናቷ ካረፉ ወዲህ ወደ ባሌ የምትመጣበት ምክንያት ስላጣች ነው በስልክ ያዘዘችው። ገጹ የማን እንደሆነ እንኳ አላወቀችም፤ ቀበሮ ነው እንጂ የሴትዮዋ ፊት የለበትም። ማር የፈለገችው ደግሞ ለእናቷ የሙት ዓመት ጠጅ ለመጣል ነበር።

ስለ ማሩ የተነሣው በመጨረሻ ነው፣ ያውም በሴትዮዋ በኩል። «እንግዲህ ስኳር ካልሆነ ለምን ረጋ?»

«ብርድ ነው፣ እትዬ። አንድ ድስት ውሃ ለብ አድርገው፣ እሳቱን አጥፍተው፣ ጣሳውን ውስጡ ያስቀምጡት። እሳት ላይ ብቻ እንዳይጥዱት፤ ሽታው ይጠፋል። እስከ ማታ ካልተፈታ ዛሬ በሚወጣው መኪና ሌላ ልኬልዎታለሁ፤ ያንን ለሾፌሩ ይስጡት። ሌላው ጥፋት የኛ ነው። እንደሚረጋ አስቀድመን መናገር ነበረብን፤ ሲጠይቁንም መመለስ እንጂ ማጥፋት አልነበረብንም።»

ማሩ ተፈታ። ሴትዮዋ የተፈታውን ፎቶ አንሥታ፣ ክሱን ዳግም በለጠፈችበት ቦታ፣ ከነውሃው ድስት ለጠፈችው። የጻፈችው ረጅም ነው፤ ስለ ግሉኮስ አንድ መስመር፣ ስለ እናቷ ግን አሥር መስመር ነበረው።

ወንድምየው አነበበው። ተሸማቀቀ፤ ቢሆንም እጁን አልሰጠም። «አንድ ሰው ነው» አለ። «እኔ ጋ አርባ ሺህ አለ።»

ብዙ ሳይቆይ የካቲት 2015 ገባ። በዚያ ሰሞን የሆነውን የማያስታውስ የለም፤ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተገደቡ። ቪፒኤን የቻለ ይገባል፤ ብዙው ሰው ግን ቀረ። ሳምንት ያልፋል ሲባል ወር ሞላ። አርባ ሺሁ ሰው የት እንደገባ አልታወቀም። ልጁ የአንዳቸውም ስልክ ቁጥር የለውም፤ አንዳቸውም የሱ የላቸውም። ከበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የማይከፈት ገጽ በጣቱ ወደ ታች ይስባል፣ ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል።

እናትየው አየችውና አንድ ቀን «ነገ ወንድሜ ጋ ልሂድ ነው፤ ፈረሱን ያዝልኝ» አለችው። ጉልበቷ እያመማት፣ በፈረስ ወደ ወብ ሸለቆ ሄዱ። አጎትየው እዚያ ከብትና ፈረስ ያረባል። አንዲት ባዝራ ልትወልድ ተቃርባ ነበርና ሌሊቱን ከጎጆው ደጅ እሳት አንድደው አደሩ።

ሊነጋጋ ሲል ባዝራዋ ተኛች። ሣሩ አመዳይ ለብሶ እንደ ጨው ነጥቷል። ትንፋሿ ጭስ ይመስላል። ልጁ ቀና ሲል ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቀይ ቀበሮ ተቀምጧል። ጆሮው ቀጥ ብሏል፣ ዐይኑን ከባዝራዋ አይነቅልም። ከእሱ ወዲያ ሌላ አለ። ልጁ እጁ ወደ ስልኩ ሄደ።

«ተወው» አለችው እናቱ። «እየው ብቻ።»

ውርንጭላው ወጣ። አጎትየው ሮጦ ጋቢውን አውልቆ ጣለበትና ጀርባውን ያሸው ጀመር። ከዚያ የእንግዴ ልጁ ወረደ። ቀበሮዎቹ ቀስ ብለው፣ ሆዳቸው መሬት እየነካ ቀረቡ፤ ባዝራዋ ወደ ልጇ ስትዞር ጎትተው ወሰዱት። በሉ። አፋቸውን ጠረጉ። ወደ ኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመለከቱ ከጉብታው ማዶ ጠፉ።

«እኛ ስሙን ጄደላ ፈርዳ የምንለው ለዚህ ነው» አለች እናትየው። «የፈረስ ቀበሮ። ፈረስ ይከተላል። ቀን ሙሉ ሲከተላት የሚያየው እንግዳ ሰው፣ ይህ አውሬ ባዝራዋን እንዴት ይወዳታል ይላል።»

ልጁ አልመለሰም። ውርንጭላው በረጃጅም እግሮቹ ለመቆም ይሞክራል፣ ይወድቃል። አጎትየው በሸሚዝ ብቻ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ ከሥሩ ገብቶ ይደግፈዋል። ፀሐይ ወጣ። ውርንጭላው በአራተኛው ሙከራ ቆመ፤ ጡቱን አገኘ። አጎትየው ያኔ ነው ጋቢውን ያነሣው፤ ደምና ውሃ ሆኗል።

«ቀበሮውን አልረግመውም» አለች እናትየው። «ይበላ፤ ድርሻው ነው። እኔ የምልህ፣ ማታ ቤትህ ገብተህ ስትቆጥር ወንድሜንና ቀበሮውን አንድ ላይ አትቁጠራቸው።»

ሲመለሱ ልጁ ደብተሩን ጠየቀ። እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ የተጣበቁትን ገጾች በምላጭ አላቀቁ። ረመዳን በመጋቢት አጋማሽ ሊገባ ነው፤ ዓቢይ ጾምም ይዟል። ከመጀመሪያው ስም ጀምረው ደወሉ። ሐጂ በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ፤ «ዘንድሮ ረሳችሁኝ ብዬ ነበር» አሉ። የጎባው መምህር ጡረታ ወጥቷል፣ ጥርሱ ተነቅሏል፣ አሁን ሰፈፍ ያለበትን ጭራሽ አይችልም። የሾፌሩ ሕፃን ትምህርት ቤት ገብቷል። ሁለቱ ሞተዋል። ቁጥራቸው የተቀየረ ብዙ ነበሩ። ካነሡት ውስጥ ግን ማር አልፈልግም ያለ ጥቂት ነው፤ ያላዘዘውም «ለእህቴ ቁጥሯን ልስጣችሁ» አለ። ገንዘቡ በቴሌብር ገባ፣ ማሩ በአባዱላና በአይሱዙ ሄደ። አርባ ሺህ ተከታይ በነበረበት ጥር ከሸጡት ይልቅ፣ አንድም ገጽ ባልተከፈተበት በዚያ ረመዳን የሸጡት በለጠ።

ሐምሌ ላይ ገደቡ ተነሣ። ልጁ ገጹን ከፈተ። አርባ ሺሁ እንዳለ ነው። ቀበሮ አልለጠፈም። የእናቱን እጅ ሚዛን ላይ እንዳለ ፎቶ አነሣና እንዲህ ጻፈ፦

«ይህ ማር የሐረና ነው። በዚህ ዙር የመጣው ግራዋ በዝቶበታል፤ መራራ ቢጤ ነው። መራራ የማይወድ አይግዛ፣ የሚቀጥለውን ይጠብቅ፤ ስሙን ከተወልን እንደውልለታለን። ብርድ ቦታ ከተቀመጠ ይረጋል፤ ለብ ባለ ውሃ ይፈታል። የኪሎው ዋጋ ከነማጓጓዣው ከታች ተጽፏል። ባለፈው ጥር ‹ረጋ› ያለችንን ደንበኛ ጽሑፏን አጥፍተን ነበር፤ ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ጽሑፏን መልሰን እዚህ አስቀምጠነዋል።»

ከሺህ የማይበልጥ ሰው አየው። ሠላሳ ሰው ግን ስሙን ተወለት። እህትየው አዲስ ደብተር ገዛች።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። እናትየዋንም ልጆቿንም ያመጣኋቸው ለምሳሌ ነው። አምስት ወር የተዘጋው መስመር ግን ምሳሌ አይደለም፤ በዚያ ወቅት በየቤቱ ልብስ፣ ጫማ፣ ኬክ፣ በርበሬ በቴሌግራም ይሸጡ የነበሩ፣ ብዙዎቹም ሱቅ መከራየት የማይችሉ እናቶችና ወጣቶች፣ ገበያቸው በአንድ ሌሊት ከእጃቸው ሲወጣ አይተናል። የተከታዩ መዝገብ የመድረኩ ነው። ደብተሩ የነጋዴው ነው። ገጽ ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ደብተር ይክፈት የምለው ለዚህ ነው፤ ወረቀት ይሁን ስልክ፣ ስምና ቁጥር ያለበት፣ ባለቤቱ ፈቅዶ የሰጠው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቃል ልብ እንድንል እፈልጋለሁ። አማርኛችን የገዛውን ሰው «ገዢ» ይላል፤ ተመልሶ የሚመጣውን «ደንበኛ» ይለዋል። ደንበኛ ከደንብ ነው። ደንበኛ ሥራ፣ ደንበኛ ሰው ስንል ትክክለኛ፣ በሥርዓቱ የሆነ ማለታችን ነው። መርካቶም ሆነ ሮቤ ገበያ ቆማችሁ ብትሰሙ ደግሞ ገዢ ሻጩን፣ ሻጭም ገዢውን፣ ሁለቱም «ደንበኛዬ» ይባባላሉ። ደንቡ የሚያስረው ሁለቱንም ነው። ገዢው ሌላ ቦታ ሳይሄድ ይመጣል፤ ሻጩ ዋጋ አያስወድድበትም፣ የተበላሸ አይሰጠውም፣ ቢቀየም ይሰማዋል። «ተከታይ» የሚለው ቃል ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚያየው። ተከታይ ከኋላ ነው፤ ፊቱ አይታይም።

ምርቃትን ውሰዱ። ገበያ ላይ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ «መርቂልኝ» እንላለን፤ ሻጯ ትንሽ ትጨምራለች። የተጨመረው እፍኝ ስሙ ምርቃት መሆኑ ዝም ብሎ አይደለም። ከግብይቱ በኋላ፣ ፊት ለፊት ለቆመው ሰው፣ የሱን ቤት በማሰብ የሚሰጥ ነው። ለአራሷ ሚስት የተጨመረችው ግማሽ ኪሎ ማር ሾፌሩን ለዓመታት አስራዋለች። አምስት ኪሎው ዕጣ ማንንም አላሰረም። ዕጣ አይኑር አልልም፤ ዕጣ እንደ ቀበሮው ቪዲዮ ሰው ይጠራል። የተጠራ ሰው ግን ሲደርስ በር ላይ የሚቀበለው፣ ስሙን የሚጠይቀው ያስፈልገዋል፤ ብዙ ገጾች ላይ እሱ ሰው የለም።

«ዋጋ ኢንቦክስ» የሚባለውን ልማድ በተመለከተ ረጅም አልናገርም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ደንግጓል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ዋጋውን ደብቆ በጆሮ የሚነግር ሻጭ፣ ለኔ የነገረኝ ለሌላው ከነገረው ይለይ ይሆን የሚል ጥርጣሬ ከመጀመሪያው ሰላምታ ላይ ይዘራል።

የባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ከዚያ ወዲህ የቀይ ቀበሮው ፎቶ ከበፊቱም በላይ ይዞራል፤ ይዙር፣ ደስ ይለኛል። የዲንሾ አስጎብኚ፣ ፈረስ አከራይ፣ የጎባ እንግዳ ማረፊያ፣ የሮቤ ቡና ቤት፣ ሁሉም በዚያ ፎቶ ሰው ሊጠራ ይችላል፤ ይጥራ። የምለምነው፣ ከፎቶው ሥር «ልጅ ይዤ ብመጣ ብርዱ ይከብዳል ወይ?» ብላ የጠየቀች እናት ካለች መልስ አግኝታ እንድታድር ነው። ብርዱ ይከብዳል። ወፍራም ልብስ ይያዝ፤ ሳነቴ ላይ ልጁን ከመኪና ብዙ አያስወርዱት። ይህን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የጠየቀችው እናት ግን ያንን አንድ ደቂቃ ማን እንደሰጣት ታስታውሳለች።

እኔ ራሴ አንዲት ደንበኛ አለችኝ፣ ሮቤ። በርበሬ ትሸጣለች። አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በርበሬ በሚገባበት ሰሞን፣ በቴሌግራም ድምፅ ትልክልኛለች። ገጽ የላትም፣ ቻናል የላትም። ዘንድሮ የላከችው አርባ ሰከንድ ነው፤ ከጀርባዋ ዶሮ ይጮኻል፣ የሆነ ሰው የኩንታል ዋጋ ይከራከራል። «ደንበኛዬ፣ እንዴት ከረማችሁ? በርበሬው ገብቷል፤ ከአምናው ይቀላል፣ ዋጋው ግን ጨምሯል፣ እንዳትደነግጥ። ያቺ ልጅህ ማቃጠል አትችልም ብለኸኝ ነበር፤ የሷን ፍሬውን አውጥቼ ለብቻው አስፈጭቼዋለሁ፤ ቀዩ ክር ያለበት ፌስታል የሷ ነው።»

ይህን የነገርኳት ልጄ ሁለት ዓመቷ ሳለ ነው። አሁን ሰባት ሞልቷታል፤ ከእኔ ሳህን ላይ ሚጥሚጣ እየጠቀሰች ትበላለች። በቀይ ክር የታሰረችው ፌስታል ስትደርስ ግን መጀመሪያ የፈታቻት እሷ ናት፤ «የኔ ነው፣ ሮቤ ያለችው ሴትዮ ለኔ የላከችው ነው» እያለች። ለሴትዮዋ የልጄን ድምፅ ቀድቼ ላክሁላት።